አሸዋ ያለበት ስጋ

ጠዋት ስነሳ የግራ ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው የዓይን ቆቤ ተነፍቷል። ቀኙም ሊከተለው ትንሽ ነው የቀረው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ትንኝ ነክሳኝ ይሆናል» ብዬ ቀዝቃዛ ውሃ ረጭቼበት ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። የዚያን ቀን ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከ16 ቀን በፊት የበላሁት ስጋ ትዝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ጠራን። ስጋው ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ መሽቷል፣ የግቢው መብራት ደብዛዛ ነው፣ ጨዋታው ደርቷል። ሦስት አራት ቁራጭ በላሁ። መሃሉ ለስለስ ያለና ቀላ ያለ ነበር። እኔ ደግሞ ስጋ በስሎ እንደሆነ በዓይኔ አይቼና በጣቴ ተጭኜ አውቃለሁ ብዬ የምኩራራ ሰው ነኝ። በጣም የበሰለ ስጋ «ጫማ ሆነ» እያልኩ ሰው አስተምራለሁ። የስጋውን ማንነት የሰማሁት በልቼ እጄን ከታጠብኩ በኋላ ነው። አዳኝ ዘመዱ የላከለት የዱር አሳማ ኖሯል። ተያየን። አንዱ ሳቀ። ሌላው ድምፁን ሳያሰማ ተነስቶ ወጣ። ለምን እንደወጣ ያን ቀን አልጠየቅኩትም።

እኔን ያስጨነቀኝ የአሳማው ነገር ብቻ አልነበረም። ተማሪ ሳለሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ያየሁት አንድ ስላይድ ነው። ከእንጨት ሳጥን ውስጥ የወጣ፣ ጠርዙ የተላጠ አሮጌ ስላይድ። ማይክሮስኮፑን ሳስተካክል መጀመሪያ የታዩኝ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሮዝ የጡንቻ ክሮች ናቸው። ከዚያ በክሮቹ መሃል ሎሚ የመሰለ ከረጢት አየሁ። በከረጢቱ ውስጥ፣ ብርድ እንዳስቸገረው ድመት ተጠቅልሎ፣ አንድ ትል ተኝቷል።

«እየጠበቀ ነው» አሉኝ መምህሬ ከኋላዬ ሆነው።

«ማንን?»

«የሚበላውን።»

ትሪኪኔላ ይባላል። ከስጋ ትል ይያዛል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የኮሶ ትልን ነው። እሱ ጠፍጣፋ ነው፣ ረጅም ነው፣ ኑሮው አንጀት ውስጥ ነው፣ አንድ ቀን ቁራጩን ልኮ ራሱን ያጋልጣል። ትሪኪኔላ ሌላ ፍጥረት ነው። ወገኑ ከድቡልቡል ትሎች ነው፤ ወስፋት የሩቅ ዘመዱ ነው ቢባል ያስኬዳል። ግን ወስፋት ከእርሳስ ሊበልጥ ሲችል የትሪኪኔላ እናት ብትረዝም 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ልጇ፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንጀት ደግሞ ለእሱ የእንግዳ ማረፊያ ነው እንጂ ቤት አይደለም። ቤቱ ጡንቻ ነው።

ያን ጠዋት ሐኪም ዘንድ ከመሄዴ በፊት፣ ባንድ ዓይኔ፣ የድሮ ደብተሬን አውጥቼ አነበብኩ። ይህን ያደረግኩት ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የፈራ ሰው የሚያስፈራውን ማንበብ ይወዳል።

በደንብ ያልበሰለው ስጋ ጨጓራ ሲደርስ አሲዱ ስጋውንም የትሉን ከረጢትም ያሟሟዋል። በሩን የምንከፍትለት እኛው ነን ማለት ነው። እጮቹ ወደ ትንሹ አንጀት ወርደው ግድግዳው ውስጥ ይሰገሰጋሉ። በሁለት ቀን ገደማ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ይደርሳሉ። ሴቷ እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን ከነሕይወታቸው ትወልዳለች። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ500 እስከ 1,500 የሚደርሱ። ከዚያ እሷ ትሞታለች፤ ልጆቿ ግን በደም ተሳፍረው በመላ ሰውነት ይበተናሉ። የሚመርጡት ብዙ የሚሠራና ብዙ ደም የሚያገኝ ጡንቻ ነው። ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ፣ ምላስ፣ የመንጋጋ ጡንቻ። የዓይንን ኳስ ወዲያ ወዲህ የሚያዞሩት ቀጫጭን ጡንቻዎችም አሉበት። እዚህ ላይ ስደርስ ደብተሩን ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ከፈትኩት።

ከሁሉ የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። እጩ ወደ አንዲት የጡንቻ ህዋስ ይገባል። አይገድላትም። ሥራ ያስቀይራታል። ህዋሷ መኮማተሯን ትተዋለች፣ የጡንቻነት መልኳን ታጣለች፣ የትሉ ሞግዚት ትሆናለች። በዙሪያዋ የኮላጅን ሽፋን ይሠራል። በሽፋኑ ላይ ደግሞ አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንደ መረብ ይዘረጋሉ፤ ምግብ ያስገባሉ፣ ቆሻሻ ያወጣሉ። ባጭሩ ውሃና መብራት የገባለት ቤት። ይህ ሁሉ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ትሉ ተጠቅልሎ ለዓመታት መተኛት ይችላል። አንድ ሙሉ እንስሳ፣ በአንዲት ህዋስ ውስጥ። የሰው ልጅ ቤት ሠርቶ እስኪገባ የሚያየውን ፍዳ ሳስብ፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቀናሁ።

የትሉ ኪሳራ ሰው ውስጥ መግባቱ ነው። ስጋው ካልተበላ ጉዞው አይቀጥልም፤ እኛን ደግሞ የሚበላን የለም። ከሰው ወደ ሰው በመነካካትም በትንፋሽም አይተላለፍም። ሰው ውስጥ የገባ ትሪኪኔላ እየጠበቀ እዚያው ይቀራል።

ሰውየው የሚሰማው ነገር እንደበላው መጠን ነው። ጥቂት እጭ የዋጠ ሰው ምንም ሳይታወቀው ሊያልፍ ይችላል። ብዙ የዋጠ ግን መጀመሪያ ሆዱን ያመዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። በዚህ ጊዜ የበላው ነገር አልተስማማውም ይባላል፤ ልክ ነው፣ ግን ከተባለው በላይ ልክ ነው። ከዚያ ነገሩ ጋብ ይላል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እጮቹ ጡንቻ ሲገቡ ትኩሳቱ፣ የጡንቻ ሕመሙ፣ ድካሙ ይመጣል። ፊትና የዓይን ቆብ ያብጣል። የከፋ ሲሆን ልብንና አንጎልን ይነካል፤ የሚገድለውም ያኔ ነው።

የዓይን ቆብ። ሁለት ሳምንት። መስታወቱን ደግሜ አየሁ።

ሐኪሟ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ችኮላ የማያውቁ ሴት ናቸው። ዓይኔን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ። «ምን በልተሃል?» ነው ያሉኝ። የሚገርመው ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ምን ነካህ?» ብሎ ነው። ነገርኳቸው። ሳቅ አላሉም። ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አዩ፤ በዚህ በሽታ ጥፍር ሥር እንደ ስንጥር ያለ ጥቁር የደም መስመር ሊታይ ይችላል። የእኔ ንጹሕ ነበር። ደም አዘዙልኝ። የሚፈለገው በተለይ ኢኦሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ህዋስ ነው፤ ትል ጡንቻ ሲገባ ቁጥሩ በጣም ያሻቅባል። ሰውነት ትሉን ለመዋጋት የሚያመርተውን ጸረ እንግዳ አካል የሚያሳየው ምርመራ ግን ቶሎ አያሳይም፣ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊጠብቅ ይችላል። «ለእሱ በሁለት ሳምንት ትመለሳለህ» አሉኝ። መድኃኒቱስ ብዬ ጠየቅኩ። አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል አለ፣ ግን የሚበጀው ትሉ ገና አንጀት ውስጥ ሳለ ነው። ጡንቻ ውስጥ ቤቱን ከሠራ በኋላ ማስወጣቱ ከባድ ነው።

ሁለት ሳምንት። የት እንደማድር እንጂ እንዴት እንደማድር የማላውቅበት ሁለት ሳምንት።

በእነዚያ ቀናት ነው የለንደኑን ልጅ ታሪክ በደንብ ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1835 የካቲት ውስጥ ጄምስ ፓጄት የሚባል የ21 ዓመት የሕክምና ተማሪ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ውስጥ አስከሬን እየከፈተ ይማር ነበር። አስከሬኑ በሳንባ ነቀርሳ የሞተ ጣሊያናዊ ግንበኛ ነው። ጡንቻው በሙሉ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥብ ነበረበት። ነጥቡ ለማንም አዲስ አልነበረም። የአናቶሚ ሰዎች ደጋግመው አይተውታል። አጥንት የመሰለ ጠጠር ነው፣ ቢላችንን ያደነዝዝብናል ብለው ያማርሩበት ነበር። ቢላቸውን ስለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ፓጄት ግን ነጥቡን አተኩሮ አየው። ሆስፒታሉ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ስላልነበረ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄደ። የዕፅዋት ሊቁ ሮበርት ብራውን ማይክሮስኮፑን አዋሰው። ያ በውሃ ላይ ያሉ ብናኞች ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ አይቶ ስሙ ለእንቅስቃሴው የተሰጠለት ሰው ነው። አብረው አዩት። በእያንዳንዱ ጠጠር ውስጥ የተጠቀለለ ትል።

ስም የማውጣቱን ክብር የወሰደው ግን ፓጄት አይደለም። በዚያው ሆስፒታል የነበረው ትልቁ ሳይንቲስት ሪቻርድ ኦወን ናሙናውን መርምሮ፣ በዚያው ወር ለለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር አቀረበና ትሉን ትሪኪና ስፒራሊስ ብሎ ሰየመው። በኋላ ትሪኪና የሚለው ስም አስቀድሞ ለአንድ ነፍሳት ወገን ተሰጥቶ እንደነበር ታወቀና ትሪኪኔላ ሆነ። ተማሪው ያየውን ትልቁ ሰው ስም ሲያወጣለት ያላየ ተማሪ የለም፤ ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ጠጠሩ የትሉ ቤት በጊዜ ብዛት ካልሲየም ተጠራቅሞበት ነው። ለቢላ የሚሰማው ያ ነው። አዲስ ሲሆን ግን ጠጠር የለም፣ ነጥብ የለም፣ ሽታ የለም። በዓይን ስጋው ስጋ ነው።

እንዲህም ሆኖ ለ25 ዓመት ትሉን ጉዳት እንደሌለው ቆጥረውት ነበር። በ1860 ጥር ወር ድሬስደን ከተማ አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ ታይፎይድ ነው ተብላ ሆስፒታል ገብታ ሞተች። ፍሪድሪክ ሴንከር የሚባል ሐኪም አስከሬኗን መረመረ። ጡንቻዋ ከረጢት ገና ባልሠሩ እጮች ተሞልቷል፤ አንጀቷ ውስጥ ደግሞ ያደጉ ትሎች አሉ። ሴንከር እዚያ አላቆመም። ትሠራበት ወደነበረው እርሻ ሄደ። ለገና አሳማ ታርዶ ነበር። ያረደው ሰውዬም ታሞ ነበር፣ የቤቱም ሰዎች እንዲሁ። ከተረፈው ቋሊማና የታጨሰ ስጋ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ አየ። ትሉ እዚያው ነበር። ምርመራው የተጠናቀቀው አንድ ሰው ጓዳ ድረስ ሄዶ የተረፈ ምግብ ስላየ ነው። ሐኪሟ «ምን በልተሃል?» ያሉኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1865፣ ሄደርስሌበን በምትባል ትንሽ የጀርመን ቦታ ከ2,000 ገደማ ነዋሪ 337 ሰው ታሞ 101 ሰው ሞተ። ታዋቂው ጀርመናዊ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ የታረደ አሳማ ሁሉ በማይክሮስኮፕ ይታይ ብሎ የሚወተውተው በዚያ ዘመን ነው። ብዙ ሥጋ ሻጮች አልወደዱለትም። በኋላ ግን ሕግ ሆነ። ዛሬ በብዙ ቄራዎች የሚደረገው ምርመራ ደግሞ ደስ ይላል። ከብዙ አሳማ ድያፍራም ትንሽ ትንሽ ስጋ ይቆረጥና ባንድ ላይ ይፈጫል። ከዚያ ጨጓራ ውስጥ ስጋ የሚፈጩት ፔፕሲንና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባሉበት ሙቅ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ ይሟሟል። ስጋው ሲሟሟ ትሉ ይቀራል፤ ታች ዘቅጦ ይታያል። ሰው ሠራሽ ጨጓራ ማለት ነው። ትሉ ሆድ የገባ እየመሰለው ራሱ ይወጣል።

በሦስተኛው ቀን ጋባዡ ጋ ደወልኩ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ምነው?»

«ያ ስጋ...»

«ኧረ አታስብ! ፍሪዘር ውስጥ ወር ሙሉ ቆይቷል እኮ።»

ልቤ ወረደ። ምክንያቱም ያን ሰሞን ያነበብኩት ስለ ፍሪዘር ነበር። ለአሳማ ስጋ የሚሰጠው ምክር አለ፤ ውፍረቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስጋ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ 20 ቀን ቢቆይ ስፒራሊስ የሚባለው ዝርያ ይሞታል። ነገር ግን የትሪኪኔላ ወገን አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። በዱር አውሬ ላይ የሚኖሩት፣ በተለይ በሰሜኑ ብርድ አገር ያሉት፣ በረዶ አይበግራቸውም።

በ2022 በአሜሪካ የሆነውን ልንገራችሁ። ዘመዳሞች ሳውዝ ዳኮታ ላይ ተሰባሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ ካናዳ ውስጥ የታደነ የጥቁር ድብ ስጋ ይዞ መጥቷል። ስጋው በቤት ፍሪዘር 45 ቀን ቆይቷል። ከአትክልት ጋር በስንጥር ሰክተው ጠበሱት። የድብ ስጋ ከጥንቱም ጠቆር ያለ ስለሆነ በስሎ እንደሆነ መለየት አልቻሉም፤ ጥቂት ከበሉ በኋላ ነው ጥሬ መሆኑን ያወቁትና መልሰው የጠበሱት። ስድስት ሰው ተያዘ። ከስድስቱ ሁለቱ ስጋውን አልቀመሱም። የበሉት አብሮት የተጠበሰውን አትክልት ብቻ ነው። የስጋው ጭማቂ ነው ያስያዛቸው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያን ምሽት ስጋው አጠገብ የተጠበሰ ቃሪያ ስንት እንደበላሁ መቁጠር ጀመርኩ።

ጨውም፣ ማጨስም፣ ማድረቅም አስተማማኝ አይደሉም። ማይክሮዌቭም እንዲሁ፣ ስጋውን እኩል አያሞቀውም። ሣር በል ነው ብሎ መተማመንም አያዋጣም። በ1985 ፈረንሳይ ውስጥ ከሺህ በላይ ሰው የታመመው በፈረስ ስጋ ነው። ሣር የሚግጠው ፈረስ ትሉን ከየት አመጣው ብላችሁ እንደኔ ትገረሙ ይሆናል። መኖው ውስጥ የእንስሳ ስጋ ወይም የሞተ አይጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አሳማም እንዲሁ ነው፤ ጥሬ የስጋ ትራፊ ሲቀለብና አይጥ ሲበላ ይያዛል። ትራፊ መቀለቡ ቁጥጥር ሲደረግበትና ሰው አብስሎ መብላት ሲለምድ በሽታው ይሸሻል። በአሜሪካ በ1940ዎቹ የሟቾች ድያፍራም ሲመረመር ከስድስት ሰው አንዱ ያህል ትሉ ተገኝቶበታል። ከእነዚያ አብዛኞቹ መያዛቸውን ሳያውቁ ኖረው በሌላ በሽታ የሞቱ ናቸው። ዛሬ እዚያው አገር በዓመት የሚመዘገበው በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር እንኳ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 በታች ነው። ከዚያ ውስጥ የዱር እንስሳ ስጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

ስጋውን ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው በማይክሮስኮፕ አይቶት ከነበረ ያለ ሐሳብ መብላት ይቻላል። አዳኝ የላከውን ግን ማንም አላየውም። እኔም አላየሁትም። በጣቴ ተጫንኩት፣ ቀለሙን አየሁ፣ አወቅሁ አልኩ። እንደ እነዚያ ቢላ እንደሚስሉት ሰዎች።

የደሙ ውጤት መጣ። ኢኦሲኖፊሉ ልክ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተሠራውም ምርመራ ነጻ አለኝ። የዓይኔ እብጠት የጎደለው በአራት ቀን ነበር። ሐኪሟ ስንለያይ «ፊትህን በምን ነው የምትታጠበው?» አሉኝ። ያን ሳምንት አዲስ ሳሙና ገዝቼ ነበር።

ሳሙናውን ጣልኩት። ቴርሞሜትር ገዛሁ፤ ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ስጋ የሚወጋበት።

ያው ባልደረባዬ ከወራት በኋላ ደግሞ ጠራን። አሁንም ከአዳኙ የመጣ ነው፣ አሁን ግን አስቀድሞ ተናገረ። ቴርሞሜትሬን ከኪሴ ሳወጣ ግቢው በሳቅ ፈነዳ። «ሐኪም ይዘን መጣን» አለ አንዱ። ለዱር ስጋ የሚመከረው 71 ዲግሪ ነው፤ መሃሉ፣ ወፍራሙ ቦታ ላይ። ጥሩ አድርጎ የጠቆረውን፣ ስቡ የሚንጫጫውን ቁራጭ መርጬ ወጋሁት። 58 አለ።

«በስሏል እኮ፣ እየው!»

«አይቼዋለሁ።»

አትክልቱን ወደ ሌላ መጥበሻ አዛወርኩ። 63። ሳቁ ቀነሰ። 66። ያን ምሽት ተነስቶ የወጣው ሰውዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፣ ቁጥሩን አብሮኝ ያያል። አሁን ልጠይቀው አልኩ።

«ያን ለት ለምን ነበር ተነስተህ የወጣኸው? ስጋው አስጠልቶህ ነው?»

«የቱ ስጋ?» አለኝ ግራ ተጋብቶ። «ሲጋራ ላጨስ ነበር የወጣሁት። አሳማ ነው ያለውን የሰማሁት እኮ ዛሬ ነው።»

69።